ሞተሩ ሳይወርድ

ያን ጠዋት እንደ ሌላው ቀን ተነሳሁ። ቁርሴን በላሁ፣ ሳህኑን አጠብኩ፣ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ባለቤቴ ሲሞት የተወልኝ መኪና ግን ገና ከግቢ ሳይወጣ ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ዳሽቦርዱ ላይም ቢጫ መብራት በራ። እያዘገምኩ ሰፈራችን ካለው ጋራዥ አደረስኩት።

የጋራዡን ባለቤት ሰው ሁሉ «ጋሼ ጆሮ» ይላቸዋል። ኮፈኑን ከፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት አዳመጡና «ቫልቭ ነው፤ ሞተሩ ይወርዳል» ብለው ፈረዱ። ያንን ሞተር ከባለቤቴ በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም። አንዴ ከተፈታ እንደ ነበረ እንደማይሆን ጋሼም አልሸሸጉኝም። እሺ አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

በአጋጣሚ ከቴክኒክ ኮሌጅ በቅርቡ የተመረቀችው የእህታቸው ልጅ ልትጠይቃቸው መጥታ ነበር።

«ጋሼ፣ መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት መኪናውን ራሱን ብንጠይቀውስ?»

«አፍ አውጥቶ ሊመልስልሽ?»

«ዳሽቦርዱ ላይ ባለችው የቁጥር መስኮት ይመልሳል።»

ጋሼ ሳቁ። የዛሬ ልጅ እጁን ላለማቆሸሽ የማያመጣው ሰበብ የለም አሏት። እሷም አክብሮቷን ሳታጓድል፣ ጆሮ ሕመሙን ቢሰማም ቦታውን እንደሚገምት፣ ሞተሩ ውስጥ የተተከሉት ሴንሰሮች ግን ብልሽቱን በቁጥር እንደሚያስቀምጡ አስረዳች። ከዚያ ከኪሎ ሜትር ማሳያው አጠገብ ያለችውን አዝራር ተጭና ይዛ ቁልፉን አዞረች። በመስኮቷ «ፒ 0303» የሚል ቁጥር ብቅ አለ።

«ሦስተኛው ሲሊንደር በደንብ አያቃጥልም ማለት ነው። እኔ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን ኮይል እጠረጥራለሁ።»

«እንግዲያው ፊትሽን አዙሪ» አሉ ጋሼ። የሦስተኛውን ኮይል ነቅለው አንደኛው ላይ፣ የአንደኛውን ሦስተኛው ላይ ሰኩ። ምን እንዳደረጉ ሳይነግሯት የቀድሞውን ቁጥር እንድታጠፋና ሞተሩን እንድታስነሳ አዘዟት። መኪናው እንደገና ተንቀጠቀጠ፤ መብራቱም በራ። አሁን የወጣው «ፒ 0301» ነበር።

«ጋሼ፣ ወደ አንደኛው አዛውረውታል» አለች፣ ፊቷን ሳትመልስ።

ሽማግሌው በጥርጣሬ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ በምልክት ነገሯት?»

«ኮይል የቱ እንደሆነ መች አውቄ፣ ጋሼ።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ መስኮቷ አጎነበሱ። «እኔ ፈትቼ የማየውን ይኼ ሞተሩ እንደተዘጋ ያየዋል» አሉ ቀስ ብለው። እኔም አብሬ አጎነበስኩ። ከአውራ ጣት የማትሰፋ መስኮት፣ ያን ሁሉ ብረት ከውስጡ ታነብ ነበር።

ኮይሉ ብቻ ተቀየረ፤ ሞተሩ አልወረደም። በመመለሻዬ ይህን አሰብኩ፦ ቁጥሩ ቦታውን ይጠቁማል፣ ምክንያቱን የሚያረጋግጠው ግን የሰለጠነ እጅ ነው። ያን መስኮት ማንበብ የለመደ ባለ መኪና ጤነኛ ሞተር አያስፈታም፤ መካኒኩም በግምት አይደክምም። ጋሼም እንግዲህ የሚመጣላቸውን መኪና ሁሉ መጀመሪያ ሊጠይቁ ለልጅቷ ቃል ገብተዋል።

መኪናው ያለ አንዳች መንቀጥቀጥ ቤት አደረሰኝ። እየተደነቅኩ ገባሁ። ይህን የምነግረው ሰው ቤት ውስጥ የለም።