ሞረድ ያልነካት ጉብታ

አቶ እንዳላማው በግንቦት ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት የሞተር መጋዛቸውን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለው ከመንደራቸው ከሮብ ገበያ ወደ ደብረ ማርቆስ የወረዱት አዲስ ሰንሰለት ሊገዙ ነበር። ባለ ሱቁን ሐምዱን ግን አላገኙትም፤ ከመደርደሪያው ጀርባ የቆመችው ልጁ መዲና ነበረች።

«አባቴ ባሕር ዳር ሄዷል። ይግቡ ጋሼ፣ አረፍ ይበሉ።»

«ማረፊያ ጊዜ የለኝም ልጄ። ሰንሰለቱን ስጪኝና ልሂድ፤ ዝናቡ ሊቀድመኝ ነው።»

በመጋዙ እንጨት እየቆረጡ የሚሠሩት ቤት የልጃቸው የያለምወርቅ ነው። ጋምቤላ አስተማሪ ሆና ከሄደች ስድስት ዓመቷ። ዘንድሮ ዝውውር ተፈቀደላት፤ ነገር ግን የአባቷ አንድ ክፍል ቤት ለእሷና ለሁለት ልጆቿ አይበቃም። «ጣሪያው ለክረምት ካልደረሰ ዓመቱን እዚሁ እቆያለሁ» ብላለች። እሳቸው ስድስቱን ዓመት እንደ ምንም ችለውታል፤ ይህን አንዱን የሚችሉት ግን አይመስላቸውም።

መዲና መጋዙን ከጆንያው አውጥታ ሰንሰለቱን በጣቷ እያዞረች አየችው።

«ይሄ እኮ ገና ነው ጋሼ። ለምን ይጥሉታል?»

«አርጅቷል። እንደ ምላጭ እስለዋለሁ፤ እንጨቱ ላይ ሳሳርፈው ይንሸራተታል። የሚያወጣው ዱቄት ነው። ስጫነው ደግሞ ጠምዝዞ ይቆርጣል፤ የጣሪያ እንጨቴን ፈጀብኝ።»

«እንዴት አድርገው ነው የሚስሉት?»

«እንደ ማጭድ ነዋ! ስለቱን መሞረድ ነው፤ ሌላ ምን አለው?»

«ከጥርሱ ፊት ያለችዋን ጉብታስ?»

«እሷማ ጀርባው ናት! አባቴ ማጭድ ሲያስተምረኝ ጀርባውን እንዳትነካ፣ ብረቱ ይሳሳል ብሎኛል። ሞረድ አስነክቻት አላውቅም።»

ይህን ያሉት በኩራት ነው። ለማጭድ ትክክለኛ ትምህርት ነበር፤ ለመጋዝ እንደማይሆን ለመጠርጠር ያስቸገራቸውም ይኸው ነው።

«ጥርሱን በሞረዱት ቁጥር ዝቅ ይላል» አለች መዲና። «ጉብታዋ ግን እንዳለች ናት። አሁን ከጥርሱ እኩል ሆናለች። እንጨቱ ላይ የምታርፈው እሷ ናት፤ ስለቱ የቱን ያህል ቢሳል እንጨቱ ጋ አይደርስም።»

«መጠምዘዙስ?»

«የቀኙ ጥርሶች አጥረዋል፣ የግራዎቹ ረዝመዋል። በአንድ በኩል ሲሞርዱ እጅዎ ይበረታል ማለት ነው። አጭሩን ጥርስ ፈልገን ሌሎቹን በሱ ልክ እናሳጥራለን።»

«ደህናውን ጥርስ ላሳጥር? የት ነው የተማርሽው አንቺ?»

«እዚሁ ቴክኒክና ሙያ።»

«ሱቅ ከፍቶ አትግዙ የሚል ሰው ዛሬ አየሁ! ሐምዱ ይስማሽ፤ በሞረድ ነው የሚያባርርሽ።»

«በየወሩ ተናደው ከሚመጡ በዓመት አንዴ ስቀው ቢመጡ ይሻለዋል።»

አቶ እንዳላማው ሊስቁ ቃጣቸውና ተዉት።

«ብታበላሺውስ? የምሳሳትበት ቀን የለኝም እኮ ልጄ።»

«ካበላሸሁት አዲሱን ዝም ብለው ይወስዳሉ።»

እሺ ያሉት አምነዋት ሳይሆን መላ አጥተው ነው። መዲና በክብ ሞረድ ጥርሶቹን አስተካከለች፤ ከዚያ መለኪያ ብረት እያስቀመጠች ጉብታዎቹን በጠፍጣፋ ሞረድ ዝቅ አደረገቻቸው። «ጥቂት ብቻ» አለች፤ «ከልክ ካለፈ መጋዙ እየነከሰ ወደ ሰው ይወረወራል።» የመጨረሻዎቹን ሦስቱን አቶ እንዳላማው ራሳቸው ሞረዱ።

በሱቁ ጓሮ የባሕር ዛፍ ግንድ ነበር። መጋዙን አሳረፉበት፤ ሳይጫኑት በራሱ ክብደት ገባ። ዱቄት አልነበረም፤ ወፍራም ቁርጥራጭ በጫማቸው ላይ ፈሰሰ። ሞተሩን አጥፍተው የተቆረጠውን ፊት በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ቀጥ ብሏል።

«ስንቱን ደህና ሰንሰለት ጣልኩት!» አሉ። «ክንዴ እስኪንቀጠቀጥ ስታገል፣ ቤንዚን ሳቃጥል… እንግዲህ በሳልኩ ቁጥር ጉብታዋንም አያለሁ። መለኪያዋን ስጪኝ፤ የመንደሩን ባለ መጋዝ ሁሉ አሳያለሁ።»

ከሱቁ ሲወጡ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

«ያለም፣ ጣሪያው ለሰኔ ይደርሳል።»

 

«አባዬ፣ በሩን ወዴት አዞሩት?»

«ወደ መንገዱ» አሉ። «መኪና ሲቆም እንዲታየኝ።»