የጋሽ ተገኘ ፓውዛ

ደብረ ብርሃን ዳር፣ የታኅሣሥ አመሻሽ፤ ሁለት ጎረቤቶች ደረት በሚደርስ የድንጋይ ካብ አጥር ወዲህና ወዲያ ቆመዋል፤ ካቡ ውስጥ ከተሰካ እንጨት ጫፍ የጋሽ ተገኘ ፓውዛ ቦግ ብሎ በርቷል።

ትርንጎ፦ ይህን ፓውዛ ከሰቀሉት ጀምሮ ጓሮዬ መሽቶለት አያውቅም! ስንት ዓመቴ ነው ይህን ስናገር? አውራ ዶሮዬ እንኳ ግራ ገብቶት ራቴን ሳልበላ ይጮኻል።

ተገኘ፦ የመጣሁት ስለ ዶሮሽ አይደለም። ስለ መነጽርሽ ነው።

ትርንጎ፦ ሽማግሌ ላክሁ። ለፋሲካ ድፎ ዳቦ ይዤ መጥቼ ለመንኩ። ዳቦውን በሉ፣ ፓውዛውን አላጠፉም።

ተገኘ፦ ዳቦው ጥሩ ነበር። አሁን ወደ መነጽሩ እንምጣ። ማታ ማታ እዚህ ካብ ላይ ተደግፈሽ፣ ያንን ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ነገር ዓይንሽ ላይ ደቅነሽ ወደ ቤቴ ታያለሽ። ሰው አይቶሻል። እኔም አይቼሻለሁ።

ትርንጎ፦ ወደ ቤትዎ? ከቤትዎ በላይ ነው እንጂ የማየው! ከዋክብቱ በእርስዎ ጣሪያ በኩል ከወጡ እኔ ምን ላድርግ? ዙሩና በእኔ በኩል ውጡ ልበላቸው?

ተገኘ፦ ለኮከብ ብሎ መነጽር የሚገዛ ሰው አለ?

ትርንጎ፦ ማን ገዛ? ወፍ አስጎብኚው ተከራዬ ነው ሲለቅ የሰጠኝ። ወፍ እንዳይበት ነበር፤ እኔ ኮከቡ በለጠብኝ።

ተገኘ፦ እኔ ደግሞ እልሻለሁ፣ ትናንት ራት ምን እንደበላሁ ሁሉ ታውቂያለሽ።

ትርንጎ፦ ሽሮ። እሱን ለማወቅ መነጽር አያስፈልግም፣ አፍንጫ ይበቃል።

ተገኘ፦ ቀልዱን ተይው! መነጽሩን ዛሬውኑ አምጪ፤ እኔ ዘንድ ይቀመጣል። አለዚያ ነገ ለዕድሩ ዳኛ እነግራለሁ። ጎረቤት አጮልቃ የምታይ ሴት ተብለሽ ስምሽ ድንኳን ለድንኳን ይዙር?

ትርንጎ፦ ይዙር። እኔም የምለው አላጣም። ከሁለተኛ ክፍል ነው ቤተሰቦቼ ጎትተው ያስወጡኝ፣ ይህን እርስዎም ያውቃሉ። ደብዳቤ ቢመጣልኝ ሰው ፍለጋ ነው የምሄደው። ሰማይ ግን አንብቢ አላለኝም፤ ቀና ማለት ነው፣ በቃ። አንድ ያልተከለከልኩት ነገር እሱ ነበር፤ እሱንም እርስዎ በአምፖል ዘጉብኝ።

ተገኘ፦ እኔ የዘጋሁት ሌባ ነው! ሙክቴን በዚሁ ካብ ላይ አሻግረው ነው የወሰዱት። ጨለማ ሲሆን ሌባ ይገባል።

ትርንጎ፦ ሌባው ይቅርና ባለቤትዎ እንኳ መጋረጃ ደርባ ነው የምትተኛው።

ተገኘ፦ ትደርብ!

ትርንጎ፦ ራት በልተው እስኪጨርሱ ያህል እንኳ አያጠፉልኝም?

ተገኘ፦ አንድ ጉርሻ እስክውጥ እንኳ አላጠፋም።

ትርንጎ፦ እሺ። እንኩ መነጽሩን።

ተገኘ፦ ሰጠሽኝ? እንዲህ በቀላሉ?

ትርንጎ፦ ሰጠሁ። ግን ምን እንደቀሙኝ ይወቁት። አንዴ ወደ ላይ ይዩበት።

ተገኘ፦ አየሁ። ጉም ነው።

ትርንጎ፦ ጉም አይደለም፣ የራስዎ ፓውዛ ነው።

ተገኘ፦ እንግዲህ እኔ... እ! መብራት ሄደ!

ትርንጎ፦ ተመስገን!

ተገኘ፦ ምን ተመስገን ይባላል? በጎቼ!

ትርንጎ፦ በጎችዎ ተኝተዋል። ክርንዎን ካቡ ላይ ያሳርፉ፤ አለዚያ ኮከቡ እንደ ትንኝ ይጨፍርብዎታል። እንዲያ! አሁን ከጣሪያዎ ሽቅብ... እዚያ ተሰብስበው ያሉት፣ ሰባቱ ከዋክብት።

ተገኘ፦ እነሱንማ በባዶ ዓይኔ አውቃቸዋለሁ።

ትርንጎ፦ እስቲ ሰባት መሆናቸውን ይቁጠሩልኝ።

ተገኘ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ቆይ። ይሄኛው ከየት መጣ? ትርንጎ፣ ሰባት አይደሉም እኮ!

ትርንጎ፦ እንዴት አይሆኑም? ደግመው ይቁጠሩ።

ተገኘ፦ ስምንት፣ ዘጠኝ... ከሥራቸው ደግሞ ብናኝ የሚያካክሉ አሉ። በስመ አብ! ጤፍ ተደፍቶ የቀረ ነው የሚመስለው! ይሄ ሁሉ እኔ ቤት ላይ ነበር?

ትርንጎ፦ መች ሄዶ ያውቃል?

ተገኘ፦ ድምፅሽ ራቀ። የት ሄድሽ?

ትርንጎ፦ እዚሁ ካቡ ጋ ነኝ። ዓይንዎን እንዳያነሱ፣ ቁጥሩ ይጠፋብዎታል።

ተገኘ፦ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት... ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው?

ትርንጎ፦ ድንጋይ ረግጬ ነው። ይቁጠሩ እባክዎ።

ተገኘ፦ ይኸው፣ ጠፋብኝ! በወሬ አጠፋሽብኝ። እንደገና ልጀምር። አንድ... እ፣ መብራት መጣ። ሰፈሩ ሁሉ በራ።

ትርንጎ፦ በራ።

ተገኘ፦ የእኔ ፓውዛስ?

ትርንጎ፦ አልበራም።

ተገኘ፦ እሱንማ አየሁ! ተቃጠለ ማለት ነው?

ትርንጎ፦ ኧረ ደህና ነው።

ተገኘ፦ ታዲያ ምን ሆነ?

ትርንጎ፦ ጨለማ ሲሆን ሌባ ይገባል አላሉም? ገባ።

ተገኘ፦ ትርንጎ!

ትርንጎ፦ አምፖልዎ መቀነቴ ውስጥ ነው፣ አሁን እንደተጣለ እንቁላል ይሞቃል። ከዋክብቱን ቆጥረው ሲጨርሱ እመልስልዎታለሁ።