«የሚመጣው አውቶቡስ»ን የዘፈኑት የጋሼ ተራኪ ዜና ሕይወት

ኀዘናችንን ልትካፈሉ እዚህ ድረስ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፣ የሙያ ባልደረቦች፣ እንዲሁም እሳቸውን በድምፃቸው ብቻ የምታውቁ አድማጮች፤ እንባችሁን ለጥቂት ጊዜ ያዝ አድርጋችሁ ይህን የሕይወት ታሪካቸውን እንድትሰሙ ቤተሰቡ በአክብሮት ይለምናል። አንባቢው የታላቅ እህታቸው ባለቤት ነው። ከዘመድ ሁሉ እሱ የተመረጠው ድምፁ አምሮ ሳይሆን፣ የሟች ባለቤትና ልጆች ሳግ ስለሚይዛቸው፣ እህታቸው ደግሞ «እኔ ካነበብኩት ቁጣ ይሆንብኛል» ስላሉ ነው።

ሕዝብ «ጋሼ ተራኪ» እያለ የሚጠራቸው የዘፈን ደራሲ፣ ድምፃዊና ጊታር ተጫዋች፣ ከፀጉር አስተካካይ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ፊቷ ፀጉር ቤት ጓዳዋ መኖሪያ በሆነች፣ መስኮቷ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው በሚያይ አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ተወለዱ። እናታቸው ጤና አጥተው ይተኙ ስለነበር አዝለው ያሳደጓቸው፣ አፋቸውን ያስፈቱአቸው፣ ሲያጠፉም ጆሯቸውን የቆነጠጧቸው ገና ራሳቸው ልጅ የነበሩት ታላቅ እህታቸው ናቸው። «እትዬ» የሚለውን ቃል ከ«እማዬ» አስቀድመው እንደተናገሩ በቤተሰቡ ዘንድ ይወራል።

በልጅነታቸው ከመስታወቱ ሥር ባለች ዱካ ላይ ተቀምጠው የደንበኞችን ወግ ሲያዳምጡ ይውሉ ነበር። አንገቱን ለምላጭ የሰጠ ሰው ምስጢሩን አይሰስትምና፣ የከሰረው ነጋዴም፣ ሚስቱ ያኮረፈችው ሾፌርም፣ ልጁ የጠፋበት ዘበኛም ሁሉንም እዚያች ወንበር ላይ ይዘረግፈው ነበር። አባታቸው የወደቀውን ፀጉር ሲጠርጉ ልጃቸው የወደቀውን ወሬ ይለቅማሉ እየተባለ ይቀለድ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ትምህርታቸውን በአቅራቢያው በሚገኝ ትምህርት ቤት የተከታተሉ ሲሆን፣ በሒሳብ ደካማ እንደነበሩ መደበቅ አያስፈልግም፤ በድርሰት ግን የሚስተካከላቸው አልነበረም። አንድ ጊዜ የክፍል ጓደኛቸው ውሻ ጠፍቶ በማግስቱ የተመለሰበትን ታሪክ ጽፈው ሲያነቡ፣ ውሻው በመኪና ተገጭቶ እንዲሞት በማድረጋቸው ክፍሉ በሙሉ፣ የውሻው ባለቤት ሳይቀር፣ ተላቀሰ፤ ውሻው ግን በዚያው ሰዓት ጌታውን ሊቀበል የትምህርት ቤቱ በር ላይ ተኝቶ ነበር። መምህሩ ስለ ዋሹ ሊቀጧቸው ተነሥተው፣ ስላማረ ማርክ ሰጥተዋቸው ተቀመጡ። አንባቢው በመምህርነት የኖረ ሰው እንደመሆኑ፣ ያ መምህር ያን ቀን መቅጣት ነበረባቸው ብሎ ያምናል።

አባታቸው ድንገት በማረፋቸው ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ ማተሚያ ቤት ገብተው በፊደል ለቃሚነት ተቀጠሩ። የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀሙ ሲደረድሩ፣ የተረፈ ቃል ቦታ እንደሚፈጅና ጣትም እንደሚያደክም የተረዱት እዚያ ነው፤ ግጥሞቻቸው እጥር ምጥን ያሉት ከዚያ ሥራ የተነሣ እንደሆነ ራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል። ጊታርም የለመዱት ከማተሚያው ጥራዝ ክፍል ባልደረባቸው ሲሆን፣ ጣታቸው ላይ ያለው ቀለም ሳይለቅ ክሮቹን ስለሚነኩ የመጀመሪያው ጊታራቸው አንገት እስከ መጨረሻው ጥቁር እንደሆነ ቀርቷል።

እህታቸው ሲታጩ የሠርጉን መጥሪያ ያተሙት ወንድምየው ናቸው። ሙሽራው በሌላ ከተማ የሚሠራ ቀያሽ ሲሆን፣ በሠርጉ ዕለት ከሚዜዎቹ ጋር በማለዳው አውቶቡስ ሊመጣ ቀጠሮ ነበረው። ማለዳው አለፈ፤ ተከታዩም አውቶቡስ መጥቶ ተራገፈ፤ እህትየው ነጭ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ በዚያች መስኮት ተቀምጠው መናኸሪያውን ይመለከቱ ነበር። ወንድምየው ይህን ማየት ቢያቅታቸው፣ ረፋዱ ላይ ሙሽራውን ፍለጋ ወደዚያው ከተማ ተሳፈሩ፤ ሰውየው ሌላ ማግባቱን ሰምተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሲመለሱ ሳምንቱ ተገባዶ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ እህትየው ወደ ልብስ ስፌት ሥራቸው ገብተው አገኟቸው። ወንድምየው በኀፍረት አልጠየቁም፤ እህትየውም ሳይጠየቁ አልተናገሩም፤ ጉዳዩ በዚሁ ታፈነ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ እህትየው ይህን አንባቢ አገቡ። ወንድምየውም በሠርጉ ላይ ተገኝተው በልተዋል፣ ጠጥተዋል፣ ጊታራቸውንም ተጫውተዋል፤ ይህን መጥቀስ ለሚከተለው ነገር አስፈላጊ ነው። ምክንያቱም ብዙም ሳይቆይ እናንተ ሁላችሁ በቃላችሁ የምታውቁትን «የሚመጣው አውቶቡስ» የተሰኘውን ዘፈን ይዘው ወጡና፣ በር ላይ ቆሞ እንደሚያጉረመርም ሞተር ቀስ ብሎ በሚጀምረው ጊታር፣ በመሐል በሚገባው ሃርሞኒካ፣ አገር ምድሩን አስለቀሱት። መዝጊያው እንደምታስታውሱት እንዲህ ይላል፦

መንገዱ ላይ አቧራ፣ ሰማዩ ላይ ደመና፣
ሙሽሪት ከመስኮቷ፣ አልተነሣች ገና።

ዘፈኑን በራዲዮ ጣቢያው ከቀዱት የድምፅ ባለሙያ ጋርም በዚያው ሥራ ተዋውቀው፣ ትዳር መሥርተው፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። በየከተማው አዳራሽ እየዞሩ፣ ስለ ሊፍት ሠራተኛው፣ የሟች ባሏን ጫማ ለመሸጥ ወጥታ ሳትሸጥ ስለተመለሰችው ሴት፣ አንድም ደብዳቤ ደርሶት ስለማያውቀው ፖስተኛ ዘፈኑ፤ ሰዎች የራሳቸውን ኑሮ ከሳቸው አፍ ሰምተው «ይህ እኮ እኔ ነኝ» እያሉ ያለቅሱ ነበር። ተራ ሰው ታሪክ እንዳለው ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፤ ይህን ማንም፣ ይህ አንባቢም ቢሆን፣ ሊክዳቸው አይችልም።

እህታቸው ግን ከዚያ ዘፈን በኋላ የሰው መጠቋቆሚያ ሆኑ። ሱሪ ለማሳጠር የመጣው ሁሉ መርፌውን ሳይሆን ዓይናቸውን ያይ ነበር፤ የማያውቋቸው ሴቶች ሱቃቸው ገብተው አቅፈው ያለቅሱላቸው ነበር። አንድ ቀን ባልና ሚስት ልጆቻችንን ይዘን ታክሲ ተሳፍረን ሳለ ዘፈኑ ሲመጣ ሾፌሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ይህች ሴትዮ እኮ እስካሁን እዚያው መስኮት ላይ ናት አሉ፣ ምስኪን!» ሲል፣ እህትየው «አውርደን» ብለው አስቁመውት በእግራችን ገባን። ይህን ዘፈን በየሠርጉ፣ በየምግብ ቤቱ፣ ሚስቱን ከጎኑ አስቀምጦ ሲሰማ የኖረው ባል ምን እንደተሰማው የጠየቀው የለም፤ ሕዝቡ እሱን ከነጭራሹ አያውቀውም፣ የሚያውቁት ደግሞ ማስታገሻ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ወንድምየውም እንደዚያው ይቆጥሩት እንደነበር ኋላ ተረጋግጧል።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እህትየው የወንድማቸውን ደጃፍ አልረገጡም፤ ቢደወልላቸውም አላነሡም። ጋሼ ተራኪ ጥፋታቸው የእህታቸውን ገመና አደባባይ ማውጣታቸው እንደሆነ ገምተው፣ አማላጅ በአማላጅ ላይ ላኩ፤ ከዚያ በኋላ ባለታሪኩን ሳያስፈቅዱ አንድም ዘፈን አልሠሩም፤ ያን ዘፈንም መድረክ ላይ መጫወት እርም ብለው ተዉት፣ ሕዝቡ እየጮኸ ሲጠይቃቸውም ወደ ሌላ ዘፈን ይሻገሩ ነበር። ለአማላጆች ሁሉ የእህትየው መልስ ግን አንድ ነበር፤ «ይቅርታ የሚጠይቀኝ ባላጠፋው ነገር ነው። ያጠፋውን መጀመሪያ ይወቀው» ይሉ ነበር። ይህን የሰሙት ጋሼ ተራኪ ያጠፉትን ሲፈልጉ ፀጉራቸው ሸበተ።

በመጨረሻ ከባድ የጉሮሮ ሕመም ይዟቸው፣ በሐኪሞች ውሳኔ ማንቁርታቸው በቀዶ ጥገና ወጣ፤ ያ የምናውቀው ድምፅም አብሮ ሄደ። ከዚያ በኋላ አንገታቸው ላይ በተከፈተች ቀዳዳ እየተነፈሱ፣ መናገር የሚሹትን በትንሽ ነጭ ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ያጠፉ ነበር። ባለቤታቸው ለእህትየው ደውለው «የሆስፒታሉን በር በመስኮት ያያል፣ ሰሌዳው ላይም ምንም አይጽፍም» ባሏቸው ጊዜ፣ እህትየው የያዙትን መቀስ አስቀምጠው፣ ካፖርታቸውን ሳይለብሱ ወጡ።

ያን ቀን በሆስፒታሉ ክፍል የተራኪ ወንድማቸው አፍ ተዘግቶ ጆሯቸው ብቻ ቀርቶ ነበርና፣ እህትየው ያን ሁሉ ዘመን ያልተጠየቁትን ተናገሩ። በዚያች መስኮት የተቀመጡት እስከ ቀትር ብቻ እንደነበር፤ ቀትር ላይ ርቧቸው፣ ተነሥተው መስኮቱን ዘግተው መብላታቸውን፤ ከዚያም ያን ሁሉ ነጭ ጨርቅ ዝም ብሎ የሻጋታ መጫወቻ ማድረግ ግፍ ሆኖባቸው፣ ቀሚሱን ተርትረው ትምህርት ቤት ለሚገቡ የሰፈር ልጆች ሸሚዝ መስፋታቸውን ነገሯቸው። ይህ አንባቢም በሚያስተምርበት ክፍል ኪሳቸው ላይ ዳንቴል ያለባቸውን ወንዶች ልጆች አይቶ፣ የዚህ ጉድ ሰፊ ማን ይሆን ብሎ ሊጠይቅ ሄዶ እንደቀረ አከሉላቸው። «ገመናዬን አወጣህ ብዬ መቼ ተቆጣሁ? ተነሥቼ ሳለ ተቀምጣለች አልክ። ሠርጌ ላይ ጊታር መትተህልኝ ሳለ፣ ባሌን አይተኸው ሳለ፣ ተቀምጣለች አልክ! አንድ ቀን እንኳ ‹ከዚያስ?› ብለህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አሏቸው።

ጋሼ ተራኪ ብዙ አለቀሱ። ቆይተውም ሰሌዳውን ስበው የዘፈኑን አዲስ መዝጊያ ጻፉ፤ በመጀመሪያው ስንኝ ውስጥ «እያለቀሰች» የሚል ቃል ነበረበትና፣ እህትየው በአውራ ጣታቸው አጥፍተው «አላለቀስኩም፣ ርቦኝ ነበር አልኩህ እኮ» አሏቸው። ያለ ድምፅ ሲስቁ ትከሻቸው ሲነቀነቅ ባለቤታቸው አይተዋል። የጸደቀው መዝጊያ ይኸው፦

ቀትር ሲሆን ተነሣች፣ መስኮቱን ዘጋችው፣
ነጩን ቀሚስ ፈትታ፣ ለልጆች ሰፋችው።

ከዚያም ሰሌዳውን አጽድተው «ይቅር ትይኛለሽ፣ እትዬ?» ብለው ጻፉ። እህትየውም እንደ ልጅነታቸው ጆሯቸውን ቆንጥጠው፣ «ስትድን እነግርሃለሁ» አሏቸው። ይህን ያሉት ጨክነው አይደለም፤ ወንድማቸው ለመልሱ ሲሉ እንዲድኑ ፈልገው ነው። አንገታቸው ላይ የገባው የመተንፈሻ ቱቦ እንዳይጎረብጣቸውም አንገቱ ሰፊ የሆነ ነጭ ሸሚዝ ሊሰፉላቸው ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። ሸሚዙ ቁልፉ ብቻ ሲቀረው፣ ጋሼ ተራኪ አልጋቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው የሆስፒታሉን በር እየተመለከቱ በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ዛሬ የለበሱት ያን ሸሚዝ ነው።

አዲሱን መዝጊያ በድምፃቸው የሰማ የለም፤ የሚሰማም የለም። ዛሬ ጠዋት ራዲዮው የድሮውን ሲያጫውት ነበር፤ ነገም ያጫውታል። ስለዚህ ዘፈኑን በየቤታችሁ ስታንጎራጉሩ ሙሽሪትን ከመስኮት እንድታነሷት ቤተሰቡ አደራ ይላል።

ጋሼ ተራኪ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆችን፣ አንዲት የልጅ ልጅን፣ ቁጥራቸው የማይታወቅ አድማጮችን፣ እንዲሁም ከፊት ተርታ የተቀመጡትን አንዲት ታላቅ እህታቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ኀዘን በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለሁላችሁም መጽናናትን ይስጥልን።

እህትየው በመጨረሻ እንዲነበብላቸው ለዚህ አንባቢ ዛሬ ማለዳ የሰጡት ቃል አለ። ሳይጨምር ሳይቀንስ እንዲህ ያነበዋል፦ «ይቅር ብዬዋለሁ በልልኝ። እሱም አሁን ከመስኮቱ ይነሣ።»