ከፌስታል ሰው አይቆጠርም

ልብስ ሰፊውን በጠዋት ውጭ በር ላይ አገኘኋቸው። ጥቁር ፌስታል ካፖርታቸው ስር ሸጉጠው ሊወጡ ነው። ምድር ቤቱን ያከራየኋቸው እኔ ነኝ። የተዋዋልነው ለሁለት ሰው ነው፤ ለእሳቸውና ለባለቤታቸው።

«አባባ፣ ቆሻሻውን ይዘው ወዴት? በርሜሉ እዚህ አይደለም እንዴ?»

«ለእግሬ ነው። ሐኪም ተራመድ ብሎኛል።»

«ከነፌስታሉ?»

በዚህ መሃል የእህቴ ልጅ ደረሰች። ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ለትምህርቷ ከየቤቱ የሚወጣውን ቆሻሻ ትመዝናለች። ሰፈሩ ግን ለሌላ ነገር ነው ብሎ ደምድሟል።

«አባባ፣ ልመዝንልዎት?»

«ምኑን? ሥጋ ነው እንዴ?» ፌስታሉን ጭራሽ አቀፉት። «ስሚ ልጄ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ቆሻሻዬን ገልብጠሽ ስንት ሰው እንደሚኖር ልትቆጥሪ፣ ከዚያ ለአክስትሽ ሹክ ልትይ ነው።»

ዞረው አዩኝ። እስከዚያ ድረስ ምንም አልጠረጠርኩም ነበር። አሁን ጠረጠርኩ።

ልጅቷ ሳቀች። «ቆሻሻ ሰው የሚቆጥር ቢሆን ኖሮ፣ ፎቅ ላይ ያለው ላጤ ዐሥር ሰው ደብቋል ይባል ነበር።»

«ባንክ የሚሠራው?»

«አዎ። ብቻውን ነው፤ በርሜሉን ግን የሚሞላው እሱ ነው። ምግቡ በካርቶን፣ ውሃው በፕላስቲክ ነው የሚመጣለት። ገንዘብ ሲኖር ብዙ ይገዛል፤ ብዙ ሲገዛ ብዙ ይጣላል። አንድ ድስት ለብዙ ሰው የሚጥድ ቤት ግን፣ ለየሰው ሲካፈል ትንሽ ነው የሚጥለው።»

«ታዲያ የእኔ ምን ይሠራልሻል?»

«ከተማው የቆሸሸው ሰው ስለበዛ ነው ይባላል። ሰው ብቻ አይደለም፣ አባባ። ምን እንደምንገዛ፣ በምን ተጠቅልሎ እንደሚመጣ፣ የተረፈውን እንደምንበላው ወይ እንደምንደፋው፣ ሁሉም ለውጥ ያመጣል። ይሄ ካልታወቀ በርሜሉም የቆሻሻ መኪናውም የሚመደበው በግምት ነው።»

«በግምት? ለዚህ ነዋ በርሜሉ የሚገነፍለው!» አሉ። ወዲያው ግን ፊታቸውን መልሰው አጠቆሩት። «ቢሆንም አልሰጥሽም።»

ትዕግሥቴ አለቀ። «እሺ፣ የት ነው የሚጥሉት?»

ዓይናቸው ሳያውቁት ወደ ጎርፍ መውረጃው ቱቦ ሄደ። ባለፈው ዝናብ እሱ ተደፍኖ ነው ምድር ቤቱ ውስጥ ውሃ የገባው። ስናስጠርገው የወጣው ሁሉ ጥቁር ፌስታል ነበር።

«አባባ! የገዛ ስፌት መኪናዎን ነዋ ያሰጠሙት!»

«ምን ላድርግ? በርሜል ውስጥ ብጥለው ዳይፐሩን ያዩታላ!» ብለው አፋቸውን ያዙ።

«የምን ዳይፐር?»

«ልጄ ትዳሯ ፈርሶ መጣች። ከሁለት ልጆቿ ጋር። ውሉ ሁለት ሰው ነው የሚለው፣ እትዬ። ካስወጡን መድረሻ የለንም። ሕፃኑ ባለቀሰ ቁጥር ባለቤቴ አፉን ትይዘዋለች።»

ተናደድኩ። በእሳቸው ይሁን በራሴ እንጃ። «ልጅ እናትና አባቷ ቤት ብትገባ ምኑ ነው ነውሩ? ውሉን እናድሰዋለን። ቱቦዬን ብቻ አይንኩብኝ።»

«ነገ ሐሳብዎን ቢለውጡስ?»

«ዛሬውኑ እንጽፈዋለን፤ የእህቴ ልጅ ምስክር ትሁን።»

ፊቴን ለረጅም ጊዜ መረመሩ። ከዚያ ፌስታሉን አወጡ። ልጅቷ የሚዛኗ መንጠቆ ላይ ሰቀለችው።

«ለስንት ሰው ላካፍለው?»

አንዴ አዩኝ። «ለአምስት!» አሉ፣ ቤት ውስጥ እስኪሰማ።

ለየሰው ሲካፈል ምንም አልነበረም። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የገበያ ዘንቢል እየሰፉ ለጎረቤት ይሰጣሉ፤ ቤታችን የሚገባው ፌስታል ቀንሷል። ቀጣዩ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በቱቦው ወረደ፤ ምድር ቤቱም ደረቅ ሆኖ ከረመ። ሕፃኑም እንደ ልቡ ያለቅሳል። ለእኔ እንቅልፍ ባይሰጠኝም፣ አፉን የሚይዘው የለም።