የጋሽ በረኛው ድምፅ

ባለፈው ክረምት ዝናብ አባሮኝ ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት ገባሁ። የቤቱን ጌታ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ በረኛው» ይላቸዋል፤ በወጣትነታቸው የክለባችን ግብ ጠባቂ ነበሩ። ኦዲተር የሆነችው የወንድማቸው ልጅ ኮቷን ልታሳጥር መጥታ ሁለቱ ክርክር ገጥመዋል። በማግስቱ የክለቡ አባላት፣ ክለቡን ለአዲስ ባለሀብት እንሽጥ ወይስ ብድርን የሚገድበውን ደንብ እንቀበል በሚለው ላይ ድምፅ ይሰጣሉ።

«ክለቡን ይዞት የነበረው ባለጸጋ ባይኖር ዋንጫ እናይ ነበር?» አሉ ጋሽ በረኛው፣ ኮቱን በጠመኔ እያሰመሩ። «ያን ቀን ትልቅ ሰው በደስታ ሲያለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ!»

«ልክ ነዎት ጋሼ። ግን ሰውየው ገንዘቡን ሰጠን ወይስ አበደረን?»

«ያው ነው፤ ከኪሱ ወጥቷል።»

«ያው አይደለም። ሲሰለቸው ሄደ፤ ዕዳው ግን እኛው ጋ ቀረ።»

በዚያ ዕዳ የተነሣ የሜዳውን ሣር ያጭዱ የነበሩት ሰውዬ ደመወዝ ተቋርጦባቸው፣ የቤት ኪራይ አቅቷቸው ከሰፈር ሲወጡ እኔም አይቻለሁ።

«አዲሱም እንደዚያው ነው የምትይኝ?»

«ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ደንቡ የሚለው መስጠት ከፈለግህ ስጥ፣ በክለቡ ስም ግን አትበደር፣ ሜዳውንም አታስይዝ ነው።»

«ታዲያ በምን እንጫወት?»

«እናንተስ በምን ተጫወታችሁ?»

ፊታቸው በራ። «እኛማ! ማሊያውን እዚህችው ማሽን ላይ እኔው ነበርኩ የምሰፋው። መቀመጫውን ደጋፊው ራሱ እየመሸበት ሠራው። ከመግቢያ ትኬት በተገኘው እንኖር ነበር። ስንሸነፍ ይሰድቡናል፣ ተመልሰው ደግሞ ይመጣሉ...» እጃቸው ኮቱ ላይ ቀረ። «ያኔ ሜዳውን አስይዘን እንበደር የሚል ሰው ቢመጣ፣ አንገቱን ይዘን ነበር የምናስወጣው።»

በማግስቱ ከስብሰባው መሀል ተነሥተው ይህንኑ ተናገሩ። ያጉረመረመ ነበር፤ ደንቡ ግን አለፈ።

አልዋሽም፣ ከዚያ ወዲህ ዋንጫ አላየንም፤ ስመ ጥር ተጫዋቾችም አልመጡም። ነገር ግን ደመወዝ በወሩ ይከፈላል፣ ሣር አጫጁ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል፣ ታዳጊዎቹም አሠልጣኝ አላቸው። ሜዳውንም በዕዳ የሚወስድብን የለም።

ባለፈው ሳምንት ጨዋታ ልናይ አብረን ገብተን ተሸነፍን። ጋሽ በረኛው በግብ ጠባቂያችን ላይ ሲጮኹ ድምፃቸው ተዘጋ።

«ለደንቡ ድምፅ በመስጠትዎ ይቆጭዎታል?» አልኳቸው።

«የሚቆጨኝ ያቺ ኳስ መግባቷ ነው» አሉ ኮፍያቸውን እያስተካከሉ። «ለሚቀጥለውም ቀደም ብለን እንምጣ፤ ቦታ ይያዝብናል።»