በር ተዘግቶ የተፈጨ ገብስ

በ፲፱፻፷፯ ዓ.ም. ለዘመቻ መካነ ሰላም ተመድቤ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከሸለቆው ሲወጣ አገሩ ሁሉ የሚንሳፈፍ ይመስለኛል፤ ከክፉው የረኃብ ቀን የተረፈውም ሰው በሕልም እንደሚሄድ ሁሉ በዝግታ ይራመዳል። እኔም ዩኒቨርሲቲ የሰው ጠባይ ጥናት ተምሬ መጥቼ፣ ሕልመኛ ነበርሁ።

አንድ ቀን ጎረቤቴን አያ አድማሴን ከወይራው ሥር አገኘኋቸው።

«ወዴት ነው አያ አድማሴ?»

«ልጄን ሐረግን ለክንፈ አጭቻት ነበር። ቃሌን ላነሣ ወደ አባቱ መሄዴ ነው። ልጁ ወፍጮ ላይ ተንበርክኮ ሲፈጭ ታየ፤ እናቱ ታማ ነው ይላሉ። ብትታመምስ? ልጄን ለሴታሴት አልድርም።»

«ሐረግስ ምን አለች?»

«እህል አልቀምስ ብላ ተኝታለች።»

አዘንሁላት። «ይቀመጡ እስቲ፤ ጠባይ የሚለካበት ትምህርት አለ» አልኋቸው።

«ጠባይ በቁና ይሰፈራል?» ብለው ሣቁ።

«ቁናው ጥያቄ ነው። ድሮ ሊቃውንቱም እንደ እርስዎ ወንድነትንና ሴትነትን የአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ አድርገው፣ ወደ አንዱ የቀረበ ከሌላው ይርቃል ይሉ ነበር። አሁን ግን ለየብቻ እንስፈራቸው የሚሉ ተነሥተዋል።»

መሬት ላይ ሁለት ክብ ሠራሁ፤ አንዱ የወንድ ለሚባለው ጠባይ፣ ሌላው የሴት ለሚባለው። «የምጠይቀው ስለ ክንፈ ሳይሆን ስለ እርስዎ ነው፤ አዎ ባሉ ቁጥር ጠጠር ይጣሉ» አልሁ።

«አደጋ ሲመጣ ይቀድማሉ? ከሹም ፊት ቆመው ይሟገታሉ?» አልኋቸው። «እንዴታ!» እያሉ በመጀመሪያው ክብ ጠጠር ጣሉ፤ ደስ ብሏቸዋል። ወደ ሁለተኛው ዞርሁ።

«ሕፃን ያባብላሉ?»

ጉሙ መጥቶ ወይራውን ሸፈነው።

«በክፉው ቀን» አሉ ቀስ ብለው፣ «ትልቋ ልጄ አልታዬ ከነባሏ ሞተች። ሕፃኗ እንቁ በእጄ ቀረች። ሐረግን እህል ፍለጋ ወረኢሉ ልኬያት ነበር፤ ሌላ ሴት በቤቱ የለም። በሬን ዘግቼ የቀረችውን እፍኝ ገብስ ፈጨሁ። አጥሚት ሠርቼ በጣቴ አቀመስኋት፤ አዝዬም እሹሩሩ አልኋት። የሰው ኮቴ ስሰማ አውርጄ አስተኛት ነበር። ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርሁ።»

«አብሽሩ፣ አያ አድማሴ። ሐረግ ያን መንገድ ብቻዋን ሄዳ እህል ስታመጣ ወንድ ሆነች? እርስዎና ክንፈስ የምትለያዩት በበሩ ብቻ ነው፤ እሱ አልዘጋውም።»

ጠጠር በእፍኛቸው ዘግነው ሁለተኛውን ክብ ሞሉት። ከዚያ የመጀመሪያውን ብዙ ጊዜ አዩት።

«ከዚህኛው እኮ አንድም አልጎደለም» አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ትምህርቱ ይኸው ነው። ሥራን የወንድና የሴት ብሎ ያጠረ ቤት፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ቆሞ ይራባል። ደፋርም ርኅሩኅም የሆነ ሰው ግን ለቤቱም ለጎረቤቱም ይተርፋል፤ የሚያስታምም ባል ያላት ሴት አልጋ ላይ ብትውል ልጆቿ ጦማቸውን አያድሩም።

በገበያው ቀን አያ አድማሴ እንቁን በአንቀልባ አዝለው፣ በጠራራ ፀሐይ ገበያውን መሐል ለመሐል አቋርጠው የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ወደ ክንፈ አባት ቤት ሄዱ።

«አያ አድማሴ፣ ሞግዚት ሆኑ እንዴ?» አለ አንዱ ነጋዴ እየሣቀ።

«ድሮም ነበርሁ» አሉት፣ አንቀልባውን ጠበቅ እያደረጉ።