የማፓሌሳ ጎተራና የሞኬቴ በጎች

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሊኬለሊን ያገኘኋት ከአጎቷ ከሞኬቴ በረት ውጭ የድንጋዩን ካብ ተደግፋ ነው። በሌሶቶ ተራሮች ልጆች ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ጊዜዬ ነውና፣ በዚህ አገር በረት የወንድ፣ ጎተራ የሴት መሆኑን አውቃለሁ። እርሷም ከእርሻ ኮሌጅ ተመርቃ ብትመጣም እግሯን ወደ ውስጥ አላስገባችም። ሽማግሌው አንዲት ያረገዘች በግ ይዳስሳሉ። አጥንቷ ይቆጠራል።

«አጎቴ፣ ሣሩን ውርጭ ጨርሶታል። የተከካ በቆሎ ይጨምሩላቸው። አምና ግልገሎቹ ያለቁት እናቶቻቸው ወተት አጥተው ነው። ዘንድሮም ካለቁ መንጋው አከተመለት።»

«ደግሞ ጀመረሽ! በግ ሣር፣ ሰው እህል ይብላ። አንዷን በቆሎ ባበላት ሆዷ ተነፍቶ ሞተችብኝ።»

«ምን ያህል ሰጧት?»

«ጆንያውን ዘረገፍኩላታ!»

ሳቄ አመለጠኝ። ሽማግሌው ገላመጡኝ።

«ሲራብ የከረመ ሰው ድግስ ገብቶ ሆዱን ቢያመው ጥፋቱ የእህሉ ነው?» አለች ሊኬለሊ። «በእፍኝ ይጀምሩ፤ ከግጦሽ ሲመለሱ ይስጧቸው፤ ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ሣሩን አይተካም፤ የጎደለውን ይሞላል እንጂ።»

ሞኬቴ በጓን ለቀቁና እውነተኛውን ነገር አወጡት።

«እህሉስ? ያንን ጆንያ ማፓሌሳን ሳልጠይቅ ነው ያነሳሁት። አሁን በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«በሁለቱም! ሚስትዎ አይደሉ? ይለምኗቸው!»

ኩራት ስንቱን በረት ባዶ እንዳስቀረ እኔ አይቻለሁ። ሞኬቴ ግን እያጉረመረሙም ቢሆን ሄዱ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ከሚስታቸው ደጅ ቆሙ።

«ማፓሌሳ፣ አጥፍቻለሁ። ለበጎቹ እህል ስጪኝ።»

«ግልገሎቹ ሲያልቁ ከዚህ ሆኜ አለቅስ ነበር» አሉ አሮጊቷ። «ብትጠይቀኝ ያኔም አልከለክልህም። አንተ ግን አፍህ ከበደህ።» መስፈሪያቸውን አንስተው ወደ ጎተራው ገቡ።

በጎቹ በረዶ ሲጥል ወለዱ። እናቶቹ ግታቸው ሞልቶ ነበር፤ ግልገሎቹም በእግራቸው ቆመው ጠቡ። በረሃብ ይበጣጠስ የነበረው ጸጉርም ዘንድሮ ጠንክሮ ተሸለተ። እህል በልክና በጊዜው ለሰጠ ሰው ትርፉ ይህ ነው። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

አንድ ጎረቤት በካቡ ላይ ብቅ ብሎ «ሞኬቴ፣ የሰው ቀለብ ለበግ ታበላለህ አሉ!» ሲል ቀለደ።

«መጀመሪያ ግልገሎቹን እይ» አሉት ሽማግሌው። «ከዚያ ቤትህ ሂድና ሚስትህን እህል ለምናት!»